በገዛ እጄ ያጠፋሁት ጠባቂ

ያን የኮምፒውተር ቴክኒሻን ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ግማሹ ጥፋት የራሴ መሆኑን ሳስበው ደግሞ ይብስብኛል።

አስተማሪ ነኝ፤ ትውልዴ ገበዝ ማርያም ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ የመጨረሻው ሰው ነበሩ። እኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ ሁለቱን ወገን ይቆጥራል፤ ከሰባት ቤት ወዲህ ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ሦስት ክረምት እየተመላለስሁ፣ እሳቸው ሲናገሩ እኔ በላፕቶፔ ስጽፍ፣ ጨረስነው። «በወረቀትም አድርገው» ቢሉኝ ሳቅሁ። «አባባ፣ ወረቀትማ አይጥ ይበላዋል» አልኋቸው። በዓመቱ አረፉ።

ቡሬ ኮሌጅ ኮምፒውተር የምትማረው የእህቴ ልጅ ጽሑፉን ከቫይረስ የሚጠብቅ አንቲቫይረስ ላስጭን ማሰቤን ስትሰማ ተቆጣች። «ጋሼ፣ ሌላ ምን ያደርግልዎታል? ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣው ይበቃዎታል። እሱን ያድሱት፤ ያገኙትን ፍላሽ ሁሉ አይሰኩበት፤ ጽሑፉንም ገልብጠው ለብቻው ያስቀምጡት።» በነጻ የመጣ ነገር ምን ይረባል ብዬ ናቅሁት። እሷንም ናቅኋት። አፍንጫዋን እየጠረግሁ ያሳደግኋት ልጅ እኔን ልታስተምር!

ቴክኒሻኑ ደግሞ አፉ ቅቤ ነው። «መምህር፣ የራሱማ ለስሙ ነው። ኃይለኛውን እጭንልዎታለሁ፤ ቁልፉ የተሰበረ ክራክ ስለሆነ የሚገዛ ፈቃድ አይጠይቅም» አለኝ። መጫን ሲጀምር ላፕቶፑ በቀይ ጽሑፍ አላስገባም አለ። «ይኼ የራሱ መከላከያ ነው የሚያስቸግረን፤ ያጥፉትና ይለፍ» አለ። ኧረ የኔ ነገር! በገዛ ጣቴ አጠፋሁት። ሌባ መጣ ብሎ የጮኸውን ዘበኛ አባርሬ ሌባውን አስገባሁ።

በአራተኛው ቀን አንድም ፋይል አልከፈት አለኝ። ገንዘብ ካልላክህ አትከፍተውም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞልቶታል። የዘር ሐረጉን ፍላሽ ላይ ገልብጬው ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ፍላሹ እዚያው እንደተሰካ ነበርና አብሮ ተቆለፈ። ወደ ቴክኒሻኑ ሮጥሁ። «ዕድልዎ ነው መምህር፤ ሁሉንም ጠርጌ ፎርማት ላድርግልዎ?» አለኝ። ዕድሌ! አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከማንኩሳ ሽማግሌ መጣ፤ ለእህቴ ልጅ። ልጁን ኮሌጅ ነው የተዋወቀችው፤ እንደምትወደው ሁላችንም እናውቃለን። የእሱ ወገኖች የራሳቸውን ሲቆጥሩ ስድስተኛው ላይ ከገበዝ ማርያም ተድራ የመጣች አንዲት ሴት ጠሩ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ አንቱ ጽፈውታል ሲባል ሰምተናል። ይቺ ሴት ከእናንተ ናት ወይስ አይደለችም?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

እስከ አራተኛው ቆጠርሁና ተንተባተብሁ። «ጠፍቶብኛል» አልሁ። ተያዩ። «ካልታወቀማ እንዴት አድርገን እንመርቃለን?» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። የእህቴ ልጅ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አየችው።

«የራሱን መከላከያ መልሰው አበሩት?»

«አዎ፣ አበራሁት» አልኋት።

«ደግ አደረጉ» ብላ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ልጁ ባለፈው ጥር ሌላ አገባ። እሷ ከዚያ ወዲህ ቤቴን ረግጣው አታውቅም።