ስሙ አራት ጊዜ የተጻፈው ሰው

ማክሰኞ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ

ከጎንደር የወጣሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለእናቴ በሦስት ቀን እመለሳለሁ ብያታለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ላፕቶፕ፣ ወፍራም ሹራብና ግማሽ ኪሎ በሶ አለ። በሶውን የከተተችው እሷ ናት፤ በሦስት ቀኑ አላመነችም ማለት ነው።

የሄድኩበት ጉዳይ እንዲህ ነው። ደባርቅ ያሉ ባለበቅሎዎች ጭነት የሚከፋፈሉበትን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። የዳባት ነጋዴዎችም ሌላ አላቸው፤ እሱንም እኔው ነኝ የሠራሁት። ነጋዴዎቹ ዘይት፣ ስኳርና ደብተር ወደ ተራራው መንደሮች ሲልኩ ሁለቱ ፕሮግራሞች በጽሑፍ ይነጋገሩና ማን ምን ጭኖ የት እንደሚሄድ ይወስናሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነው። ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ጠብ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ግን ተደወለልኝ። ፕሮግራሞቹ በመካከላቸው ማንም የማይረዳው አጻጻፍ ጀምረዋል፤ አንድ ባለበቅሎም አራት ወር ሙሉ ረጅም መንገድ አልደረሰውም። እሑድ ተሰብስበን ትርጉሙ ካልተነገረን ፕሮግራሙን እናስወጣለን አሉኝ ባለበቅሎዎቹ።

እኔ የሠራሁትን እኔ አላነብበውም ወይ ብዬ ተነሣሁ። ሲበዛ በራሴ እተማመናለሁ፤ የሚያውቁኝ ይህን አይክዱም።

ሚኒባሱ ሦስት መቶ ብር አስከፈለን። አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት ገባ፤ ግራና ቀኙ የታጨደ የገብስ ማሳ ነው። ዳባት ላይ ለቁርስ ቆምን። ሽሮ በልቼ ዕቃ ከሚልኩት ነጋዴዎች ወደ አንዱ ሱቅ ጎራ አልኩ። በር ላይ በጭድ የታሸጉ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ተቀምጠዋል።

“የመስኮት መስታወት ነው” አለኝ። “ተራራው ላይ ላለው ለአምቢኮ መንደር ትምህርት ቤት፤ ዛሬ ደባርቅ ይገባል። አሥራ ሁለት ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ልኬ አብዛኛው ተሰብሮ ነው የደረሰው። ልጆቹ ነፋስ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ።”

የዘሃራ ሱቅ

ደባርቅ የገባሁት ከምሳ በፊት ነው። የባለበቅሎዎቹ ስልክ ያለው ገመድና ጨው በምትሸጠው በዘሃራ እጅ ነው። ተራ አስከባሪ አድርገው የመረጧት ከማናቸውም ጋር ዝምድና ስለሌላት ነው፤ እሷ ግን በመልኬ ነው ትላለች። ቅርንፉድ ያለው ሻይ አቀረበችልኝና ስልኩን ፊቴ ላይ አኖረችው። እንዲህ ይላል፦

ዳባት፦ ዘይት አምቢኮ።
ደባርቅ፦ እንግዳው እንግዳው እንግዳው እንግዳው።
ዳባት፦ ካሳ።
ደባርቅ፦ ካሳ።

እንግዳውና ካሳ ሁለቱም ባለበቅሎዎች ናቸው። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። የአምቢኮ ጭነት በተነሣ ቁጥር እንዲሁ ነው። የሌላው ሰው ስም አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ የእንግዳው አራት ጊዜ፤ ከዚያ ጭነቱ ለሌላ ይሰጣል።

“ኔትወርክ ነው” አልኩ። “መልእክቱ ሲቆራረጥ ይደግመዋል።”

“ኔትወርኩ ደግሞ ከሰው ሁሉ እሱን ብቻ ነው የሚያውቀው?” አለች ዘሃራ።

የጉዞ መዝገቡን ከፈትኩ። የቀደሙትን ጉዞዎች የመድረሻ ሰዓት ልመለከት ብል፣ ስልኩ ቦታ ሲሞላበት አሮጌው መዝገብ ተሰርዟል። በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጅራፋቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡና ቆሙ። አያ እንግዳው እሳቸው ናቸው።

“የሠራሽው አንቺ ነሽ?” አሉኝ።

“አዎ አያ፤ እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ንገሪኝ ልጄ። እኔ ሞቻለሁ?”

ሻዩን አስቀመጥኩ።

“የሰው ስም ደጋግሞ የሚጠራ አልቃሽ ነው” አሉ። “ባለቤቴ ይህን ሰምታ ስታለቅስ ነው የከረመችው። መንገዱ ቢቀርብኝ ይቅር፤ አጭር አጭሩን እሄዳለሁ። ስሜን ግን ምን እያደረጉት ነው? ይህን ንገሪኝ።”

አላውቅም ማለት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። መስታወቱን ወደ አምቢኮ እሳቸው እንዲጭኑት፣ እኔም አብሬ እንድሄድ ጠየቅኩ። ዘሃራ ተራውን በእጇ አስተካከለች። ለእናቴ ደውዬ ሦስቱ ቀን ሳምንት ሆነ አልኳት፤ “በሶውን አጥብቀሽ ብዪ” ብላ ዘጋችው።

ረቡዕ፣ እስከ ጨነቅ

አይሱዙ ላይ እኔ፣ አያ እንግዳው፣ ሣጥኖቹና ዳማ የምትባለው በቅሏቸው አብረን ተጫንን። ሾፌሩ ከኔ ሁለት መቶ ብር ተቀበለ፤ ስለ በቅሎዋ ግን ከአያ ጋር እስከ ሳንቃበር ተከራከረ። አቧራው ቅንድባችንን አነጣው። እኔ ገደሉን ላለማየት የዳማን ጀርባ ሳይ ዋልኩ፤ የጭነት ከብት ሆና አንድ ገጣባ የላትም። ማታ ጨነቅ አደርን።

ሐሙስ፣ ወደ አምቢኮ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጭነን ተነሣን፤ የተነሣንበትን ሰዓት ለዘሃራ ላክሁ። ዳገቱን ወጥተን የቧሂትን ማለፊያ ስንሻገር ትንፋሼ አጥሮ ነበር፤ አያ እንግዳው ግን ስለ ድርቆሽ ዋጋ እያወሩ ይሄዳሉ።

ቁልቁለቱ እንደ ጀመረ በቅሎዋን አቆሙና ሣጥኖቹን ፈቱ። አንዱን በትከሻቸው ተሸክመው እስከ ታችኛው ሜዳ ወረዱ፤ ተመልሰው ሁለተኛውን ወሰዱ፤ ዳማን ባዶዋን አስወርደው እንደገና ጫኑ። ግማሽ ሰዓት ሄደ።

“ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?”

“እንዲህ ባለው ቁልቁለት ጭነቱ አንገቷ ላይ ይመጣል። ትደነግጣለች፤ ጀርባዋም ይላጣል። እስከ መሸሃ ወንዝ አራት እንዲህ ያለ ቦታ አለ።”

“ካሳም ያወርዳል?”

“ካሳ ጎበዝ ነው፤ ፈጣን ነው” አሉ። ከዚያ የዳማን ጭነት ጠበቅ አድርገው አሰሩ።

ሁለተኛውም ቦታ ላይ እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። እንዲህ ከሄድን ሲመሽ ነው የምንደርሰው፤ ቁልቁለቱም ከቀደሙት ቀለል ያለ መሰለኝ።

“አያ እንግዳው፣ ይቺን ቁልቁለት እንኳ ዳማ እንደተጫነች እንውረድ።”

ቁልቁለቱን አዩት፤ እኔን አዩኝ። “አንቺ ካልሽ” አሉ።

መሀል ላይ የዳማ የፊት እግር በጠጠሩ ከዳት። ወዲያው ተነሣች፤ የግራው ሣጥን ግን ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ውስጡ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። አያ እንግዳው መጀመሪያ ጉልበቷን፣ ቀጥሎ ጀርባዋን ዳሰሱ። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” አሉና ልጓሟን ይዘው ቀጠሉ። በጣም አፈርኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አራተኛው ላይ ማንንም ሳይጠይቁ አወረዱ፤ እኔም አንዱን ሣጥን በአንድ ወገን ያዝኩ።

ወንዙ ዳር በሶአችንን በጥብጠን ጠጣን። አምቢኮ ስንደርስ ዘሃራ ትደርሳላችሁ ካለችን ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። የትምህርት ቤቱ መምህርት ሣጥኖቹን ከፈተች። አሥራ አንዱ ደኅና ነው፤ አንዱ ለሁለት ተሰንጥቋል። እሷ የተሰነጠቀውን ከምንም አልቆጠረችውም፤ ባለፈው ጊዜ ከአሥራ ሁለቱ ሦስት ነበር የተረፈላት። መድረሳችንን ለደባርቅ ለመደወል ጉብታው ላይ ወጣች፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ደባርቅ

በመጣንበት ተመልሰን ቅዳሜ ከሰዓት ዘሃራ ሱቅ ደረስን። ስልኩን እያወዛወዘች ጠበቀችኝ።

“ሦስት ሆነ! አንዱን የት ጣላችሁት?”

ተቀብዬ አየሁ። ከጉዟችን በኋላ ለሚቀጥለው የአምቢኮ ጭነት ሁለቱ ተነጋግረዋል። የደባርቁ የጻፈው፦ እንግዳው እንግዳው እንግዳው።

የጨው ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። የደረስነው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተን ነው፤ ሦስት ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ጭነቱን ያወረድነው ሦስት ጊዜ ነው። አራተኛውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ጥፋቱም የኔው ነበር። የተራራው ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ስሠራቸው ሁለቱንም መልእክታችሁን አሳጥሩ፣ ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው ብያቸዋለሁ። እነሱም ታዘዙ። “ሁለት ሰዓት ይዘገያል” ከማለት ለየግማሽ ሰዓቱ ስሙን አንዴ እየጻፉ አራት ጊዜ መድገም አጥሮ አገኙት፤ በዚያው ተግባቡ። የሚያዩት መነሻና መድረሻ ሰዓት ብቻ ነው። በትከሻ ተሸክመው የሚያወርዱትን ሣጥን ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም ይነገራቸው አላልኩም።

እሑድ፣ ስብሰባው

ባለበቅሎዎቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘሃራ ሱቅ ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ መስታወቱን ያሰበርኩት እኔ መሆኔንም ጭምር። ካሳ ከኋላ ሆኖ አንገቱን ደፋ።

“እንግዲህ ይውጣ ወይስ ይቆይ?” አሉ ሰብሳቢው።

“ይቆይ” አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። “ነገር ግን ከእንግዲህ በሙሉ ቃል ይጻፍ፤ ዘሃራም ጠዋት ጠዋት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብበው። የተሰበረና ደኅና የደረሰም ይመዝገብ። መልእክቱ ስለሚረዝም ኔትወርኩ ያስቸግራል፤ ወጪውም ይጨምራል።”

“ያልሰማነው ነገር ነው የተወደደብን” አሉ ሰብሳቢው። በዚህ ተስማሙ።

አያ እንግዳው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጅራፋቸውን ይጠቀልላሉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። “ሲነበብ እሰማለሁ” ብቻ አሉ።

ሰኞ፣ ቤቴ

ጎንደር የገባሁት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ባዶውን የበሶ ከረጢት ለእናቴ መለስኩላት። ሌሊቱን ሁለቱን ፕሮግራሞች አስተካከልኩ፤ አያ እንግዳው ጭነት የሚያወርዱባቸውን አራቱን ቦታዎች፣ በወረደበትም ሁሉ ዕቃ እንዳልተሰበረ መዘገብኩላቸው። ማሽኖች የራሳቸውን ቋንቋ ሊፈጥሩ ነው ብለው የሚፈሩ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ዛሬም አልፈራም። አብሮ የሚሠራ ሁሉ ቃል ያሳጥራል። ግን ያጠረው ቃል የሚያርፈው ሰው ላይ ነው፤ ትርጉሙንም ያገኘሁት በዚያ ሰው መንገድ ላይ በእግሬ ሄጄ ነው። በራስ መተማመኔ አልጎደለም፤ ጥድፊያዬን ግን ሦስተኛው ቁልቁለት ላይ ጥዬዋለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ዘሃራ ደወለች። ባለበቅሎዎቹ ሁሉ በር ላይ ቆመው አንብባላቸዋለች፦ “ለአምቢኮ የቀረው አንድ መስታወት ለእንግዳው ይሰጥ። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ዕቃው አይሰበርም።”

“አያስ ምን አሉ?” አልኳት።

“ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ዳማን እየጫኑ፣ ‘ለዚያች ልጅ ንገሪልኝ’ አሉ። ‘አንድ ጊዜ ከጠሩኝ እሰማለሁ።’”