ነርስ መሆኔን የደበቅኩበት ክፍል

የተያዝኩት ሥራ ላይ ነው። በተሰደድኩበት አገር ዋና ከተማ፣ ሴንትሩም በሚሉት መሃል ከተማ፣ የአንድ ቢሮ ወለል ስወለውል ሁለት ፖሊሶች መጥተው በትህትና ስሜን ጠየቁኝ። ትህትናቸው ይበልጥ አስፈራኝ። ሚሌኒየማችን በተከበረ በዓመቱ፣ በፍልሰታ ጾም ነበር። የጥገኝነት ማመልከቻዬ ውድቅ ሆኖ ይግባኝ ላይ ነኝ፤ ውሳኔው ሳይመጣም ግን አውሮፕላን ላይ ሊጭኑኝ ይችላሉ።

ያስገቡኝ የስደተኞች ማቆያ ክፍል ነጭ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ የማይከፈት መስኮት፣ የሳሙና ሽታ። አገሬ ሳለሁ ሰልፍ ላይ የቆሰሉትን አክመሻል ተብዬ ከታሰርኩበት ጋር ሲወዳደር ሆቴል ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ብድግ እላለሁ።

በአንደኛው አልጋ ላይ ቫይትቬት ከሚባል ሰፈር የተያዙ፣ እናቴ የሚሆኑ የአገሬ ሴት ነበሩ። ጠዋት የስኳር መርፌያቸውን ወጉ። ቁርሱ ሲመጣ ቺዝ ያለበት ዳቦና ወተት ነው። ትሪውን ገፉት።

«እማማ፣ መርፌ ወግተውማ መብላት አለብዎት።»

«በፍልሰታ? ተይኝ ልጄ፣ አታስገድፊኝ።»

ወጣቷ ጠባቂ «አልበላም ብላለች» ብላ ጽፋ ሄደች። መርፌ ወግቶ አለመብላት አደጋ እንዳለው ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ በምን አወቅሽ ብትለኝስ? ያሻገረኝ ደላላ «ነርስ ነኝ ካልሽ ሆስፒታሉ ደውለው ያጣራሉ፣ እናትሽ ላይ ጣጣ ታመጫለሽ» ስላለኝ፣ ለፖሊስ ሱቅ ሻጭ ነበርኩ ብያለሁ። ካምፕ ውስጥ ደግሞ ቃሉን የለወጠ አለቀለት ይባላል። ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ረፋዱ ላይ ሴትየዋ ላብ በላብ ሆኑ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አፋቸው ይተሳሰራል፣ በሌላ ሰው ስም ይጠሩኛል። ደወሉን ተጫንኩ። ጠባቂዋ በበሩ ቀዳዳ አየቻቸው።

«ትተኛ፣ ደክሟት ነው።»

የነርስ ትምህርት ቤት መምህራችን ዘመናዊውን የነርስ ሙያ ስለጀመረችው እንግሊዛዊት ሳያወራ ቀን አያልፍም ነበር። ባለጸጋ ቤተሰቦቿ ለአንቺ አይመጥንም ያሏትን ሥራ መርጣ፣ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ገብታ መስኮት አስከፈተች፣ አልጋ አሳጠበች፣ ማን በምን እንደሞተ መዘገበች። እኛ ሁላችንም ሌሊት ቁስለኞችን የምትጎበኝበትን ፋኖስ ስናነሳ «ፋኖሷን ተዉት፣ ዓይኗን ያዙ» ይለን ነበር። በእሷ ሐሳብ ነርስ በሽተኛዋን በደንብ አይታ፣ ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ መናገር አለባት። እኔ አይቻለሁ።

በሩን በጡጫዬ ደበደብኩት።

«ኔይ፣ አይ! እንቅልፍ አይደለም! ስኳሯ ወርዷል፣ ጁስ አምጪ!»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ነርስ ነኝ።»

ጠባቂዋ እየሮጠች ሄደች። ጁሱ መጣ። መዋጣቸውን እያየሁ ትንሽ ትንሽ አጠጣኋቸው። ቀስ በቀስ ዓይናቸው ሰው ለየ።

«ገደፍኩ እንዴ?»

«ጁስ እኮ የጾም ነው፣ እማማ።»

ሐኪሙ መጥቶ ያየሁትን በወረቀት ላይ እንዳሰፍር ጠየቀኝ። ላቡን፣ መንቀጥቀጡን፣ የጠጡትን መጠን ጻፍኩ። ቁርስ ላይ ዝም ማለቴንም ጻፍኩ። ከስሜ ሥር «ነርስ» ብዬ ፈረምኩ።

ወረቀቱ ፋይሌ ውስጥ ገባ። በቀጣዩ ቃለ መጠይቅ «ሱቅ ሻጭ ወይስ ነርስ፣ የቱ ነው ውሸቱ?» አሉኝ። «ሱቁ» አልኩ። ጉዳዬ ዓመታት ተጓተተ፤ ለማንኛውም ዛሬ እዚያው ከተማ፣ ሮመን በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ በሙያዬ እሠራለሁ። ጉዳዬ ሲጓተት፣ በእኔ ቃል ይሁን በሌላ አላውቅም፣ ሁለት ሰዎች እናቴ ቤት ሄደው ስለ እኔ ጠይቀዋታል። ምን አልሻቸው ብላት በስልኩ ሳቀች።

«ነርስ ናት አልኳቸው። ሌላ ምን ልበላቸው?»