ለንቦቹ ያልተነገረው

በኔዘርኮም መንደር ወሬ ከሰው በፊት ለንብ ይነገራል። ሰው ሲወለድ፣ ሲያገባ፣ ሲሞት የቤቱ ባለቤት የበሩን ቁልፍ ይዞ ይሄድና ቀፎውን ኳ ኳ አድርጎ ያረዳል ወይም ያበስራል። ያልነገሩት ንብ ያኮርፋል፤ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ሄስተር ይህን ሥርዓት አንድ ጊዜ ጥሳዋለች። ባሏ ሬጂናልድ በሞተ ሳምንት ሐዘን አደንዝዟት ንቦቹን ረሳቻቸው፤ እነሱም ተግተልትለው ሄዱ። ለሰው አልተናገረችም እንጂ ጥፋቱ እንደ እሳት ሲፈጃት ኖሯል። በኋላ ሌላ ንብ አስገባች፤ ከስኳር መወደድ እስከ ቄሱ ጉንፋን ያልነገረቻቸው የለም።

አንድ ነገር ብቻ ከአፏ አልወጣ አለ። ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤቷ ካትበርት የቁጥቋጦ አጥሩን እየከረከመ፣ ከወዲያ ማዶ ሆኖ "እንጋባ" ብሏታል።

"ንቦቹን ሳልነግር መልስ የለኝም" አለችው።

የመንደሩ ልጅ አይደል? አልተቀየማትም፤ መከርከሙን ቀጠለ። እሷ ግን በየጠዋቱ ቁልፏን ይዛ ትሄድና ስለ ዝናቡ አውርታ ትመለሳለች። ካትበርትን ትወደዋለች። ግን ሌላ ላገባ ነው ስትላቸው አኩርፈው ቢሄዱስ? የሬጂናልድን ቀፎ ዳግመኛ ባዶ ማየት ሞቷ ነው።

የመጠጥ ቤቷ ሜቪስ መቼም አፏ አያርፍም። "እትዬ ሄስተር፣ ንቦቹ ሽማግሌ ካልተላከብን ብለው ነው?"

"አንቺ ቢራሽን ቅጂ!"

ሰኔ ላይ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ንቦቹ ከቀፎው ግልብጥ ብለው ወጡ። በመንደሩ ልማድ፣ የወጣ ንብን መጥበሻ እየቀጠቀጠ የተከተለ ሰው ንቡን አይነጠቅም። ሄስተርም ባርኔጣዋን እንዳደረገች፣ መጥበሻዋን በማንኪያ እየደበደበች ከኋላቸው ሮጠች፤ መንደርተኛውም እሷን ተከትሎ ጎረፈ። ንቦቹ አጥሩን ተሻግረው የካትበርት ፖም ዛፍ ላይ ሰፈሩ።

"እትዬ፣ ቀድመውዎት ተዳሩ እኮ!" አለች ሜቪስ። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ።

ሄስተር ግን መጥበሻዋን ጥላ አለቀሰች። "ደበቅኳቸው። እንደዚያን ጊዜው ሳልነግራቸው ቀረሁና ሄዱብኝ።"

ካትበርት ንቦቹን የሚያወርድበት ቅርጫት ይዞ መጣ። "ሬጂናልድ የሞተው መቼ ነበር?"

"ሰኔ ነዋ! ረሳኸው?"

"አሁንስ ወሩ ምንድን ነው?"

ሄስተር ቀና ብላ ዛፉ ላይ የሰፈሩትን ንቦች አየች።

"ሄስተር፣ ንብ ቀፎው ሲጠበው በሰኔ ይወጣል። ነገርሽውም አልነገርሽውም ይወጣል። ያኔ ምንም አላጠፋሽም።"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?"

"መች አወቅኩና! ሆድሽን የምታዋዪው ለንብ፤ ለኔ መች ትነግሪኛለሽ?"

ሄስተር እንባዋን በጓንቷ ጠረገች። ሳቋም መጣ።

"እንግዲያው ስማ" አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ዛሬ መጀመሪያ የምነግረው ላንተ ነው። እሺ፣ አገባሃለሁ።"

"ንቦቹስ?"

"አንተው ንገራቸው፤ ያሉት አንተ ግቢ አይደል!"