ለልጄ ያሰናዳሁት መብራት

ማሽኑ አምቦ የገባው ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ በፒክአፕ ተጭኖ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የዘፋኞች ቡድን ትርኢት ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። እኔ የከተማችን የባህል አዳራሽ የመብራት ሠራተኛ ነኝ፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ነበር። የመብራት ሠራተኛ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ግድግዳ ላይ ስምንት ማብሪያ ማጥፊያና አንድ ዋና ማብሪያ አለ። ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ አበራለሁ፣ ሲወርድ አጠፋለሁ። ጎረቤቶቼ ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል ወይ እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም ዝም አልላቸውም።

ማሽኑን ኮንሶል ይሉታል፤ የመድረኩን መብራት ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚያዝ ነው። ይዞት የመጣው የአዲስ አበባ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሽፋኑን ሲያነሳው ልቤ ድንግጥ አለ። የቁልፉ ብዛት ለጉድ ነው፤ የሚጫን አለ፣ የሚሽከረከር አለ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ አለ፣ መሐል ላይ ደግሞ ስክሪን። ያን ቀንና ሐሙስ ጠዋት ሁለታችን አብረውት የመጡትን መብራቶች ሰቀልን፣ ገመድ ዘረጋን። ሰውዬው ገና ሊሠራ ቁጭ ሲል ስልኩ ጮኸ። አጎቱ አርፈው ነበር። ዓይኑ እያለቀሰም ቢሆን አንድ ሰዓት ያህል አሳየኝ፤ መብራቶቹን እንደምትፈልጊያቸው ታስተካክያለሽ፣ ይህን ተጭነሽ ቁጥር ትሰጫቸዋለሽ፣ ማሽኑ ይይዘዋል፣ በትርኢቱ ቀን ቁጥሩን መጫን ብቻ ነው አለኝ። ስትጨርሺ ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ ማሽኑን ብቻ አትመኚ፣ ከጠፋ ይረሳል ብሎ፣ የአሥራ አራቱን ዘፈኖች ዝርዝር የጻፈበትን ወረቀት ሰጥቶኝ በሚኒባስ ሄደ።

የአዳራሹ ኃላፊ ይህን ሲሰማ በቃ በኛው በነጩ መብራት ይሥሩ፣ ይህን ማን ይነካዋል አለ። እኔ እሠራዋለሁ አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። እኔና ማሽን እንደማንስማማ ያውቃል፤ የቢሮውን ፕሪንተር ሁለት ጊዜ በጥፊ መትቻለሁ። ለምን እንደፈለግሁት ግን አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም አልነግረውም ነበር። ዝርዝሩ ላይ ሰባተኛዋ ዘፋኝ ልጄ ናት።

አባቷ ሕፃን ሳለች ነው ያረፈው፤ አንድ ለእናቷ ናት። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ዘፈን በኛ ዘንድ ኃጢአት ነው፤ እሷም በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ስትዘምር ነው ያደገችው። ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ቀን፣ የኳየር ልምምድ አለኝ ብላኝ ወጣች። እኔ አዳራሽ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የወጣቶች ቡድን ዘፈን ነበረው። ማብሪያውን ወደ ላይ ሳደርገው፣ መድረኩ መሐል ማይክ ይዛ የቆመችው ልጄ ናት። አስቤ ያደረግሁት ነገር የለም። እጄ ሄዶ ዋናውን ማብሪያ ወደ ታች መታው።

ሕዝቡ መብራት ሄደ ብሎ አፏጨ፣ ሳቀ። እኛ ከተማ መብራት መሄዱ ማንን ይገርማል? ማይኩ ግን በሌላ መስመር ነበር የሚሠራው። ጨለማው ውስጥ ልጄ ማይኩን በጣቷ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው፤ ድምፁ አዳራሹን ሞላው፤ መብራት እንዳልሄደ ገባት። ከዚያ አስቀምጣው ወረደች። ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ያወቅነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ቤት ስንገናኝ አንድ ነገር ብቻ ተናገረችኝ። «የሰው ልጅ ሁሉ ሲዘፍን ታበሪለታለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሲዘፍን አብርቻለሁ፣ እንጀራዬ ነው ብዬ። እኔ ግን ሰደብኳት። በማግስቱ አዲስ አበባ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ለገናና ለፋሲካ ትደውላለች፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ እንኳን አደረሰሽ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ከበፊቱ ይብስ ጭር ይላል። ይቅርታ ልላት ስንት ጊዜ ደውያለሁ፤ ድምፅዋን ስሰማ ከአፌ የሚወጣው በላሽ ወይ የሚል ነው። በላሁ ትለኛለች።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ቅዳሜ እሷ ስትዘፍን መብራቱ አንድ ጊዜ ከጠፋ አለቀልኝ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብላት፣ ከተማው ሁሉ ጨልሞ ነው ብላት፣ ምስክር ብጠራ አታምነኝም። እውነት ለመናገር እኔም በሷ ቦታ ብሆን አላምንም።

ቡድኑ በዚያ ሰሞን እንጭኒ ከተማ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ በፀሐይ ስለሚሠሩ መብራት አያስፈልጋቸውም፤ ወደኛ የሚመጡት በዕለቱ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ሙሉ ቀን ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከማሽኑ ጋር ብቻችንን ዋልን። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩ። ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ ስለ ማሽኑ የሚያስረዳበት ቪዲዮ አገኘሁ፤ ግማሹን ኔትወርኩ በላው፣ ግማሹን እንግሊዝኛው። ቀይ ስፈልግ አረንጓዴ ይመጣል። መድረኩን አብራ ስለው ጣሪያውን ያበራል። ባለሙያውን ደውዬ ልጠይቅ ብዬ ስልኬን አነሳሁና ተውኩት፤ ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ቀይ እንዴት ነው የሚመጣው ይባላል? ማሽኑን ሰደብኩት። ስድብ እንደማይገባው አላጣሁትም፤ ግን ከማን ጋር ላውራ?

ዓርብ ምሳ ልበላ ወጣሁ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ልጅሽን ፖስተር ላይ አየናት፣ እንዴት አድጋለች አለችኝ። ትናንት ደውላልኝ ነበር አልኳት፤ ውሸት። መቼም አንቺ ጋ ታድራለች አለች። አዎ አልኳት፤ ሁለተኛ ውሸት። የሽሮውን ግማሽ ትቼ ተመለስኩ።

የቸገረኝ ሌላ ነገር ነበር። መብራት የሚስተካከለው ሰው ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ መድረኩ ላይ የሚቆምልኝ አልነበረኝም። አብርቼ እሮጣለሁ፣ መድረኩ ላይ ቆሜ ብርሃኑን እጄ ላይ አያለሁ፣ ተመልሼ ደረጃውን እወጣለሁ። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ የማይክ ማቆሚያውን መሐል ላይ ተክዬ ሹራቤን አለበስኩት። ቁመቱን በልጄ ልክ ላደርገው ስል እጄ ማጥበቂያው ላይ ቀረ። የልጄን ቁመት አላውቀውም። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ስትሄድ ከኔ በአራት ጣት ትበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትጨምር አትጨምር ማን ይነግረኛል? እዚያው መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሹራብ የለበሰ ብረት ፊት ለፊት አለቀስኩ። ሰው ቢያየኝ አበደች ነበር የሚለው።

ፊቷን ግን አውቀዋለሁ። ሰማያዊ ሲያርፍባት የታመመች ትመስላለች። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ፣ ሕፃን ሳለች ከአልጋ ወድቃ ነው፤ ፎቶ ስትነሳ ሁልጊዜ ያንን ጎን ትደብቃለች። ስለዚህ በቀኟ በኩል ሞቅ ያለ የማር ቀለም አደረግሁላት፣ ከኋላዋ ለስለስ ያለ ቀይ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ አራቱም ዘፈኖች ቁጥር ቁጥራቸውን ይዘው ማሽኑ ውስጥ ገቡ። ሰባትን ስጫን ያ ብርሃን መጥቶ ሹራቤ ላይ ያርፋል። አሥር ጊዜ ያህል ተጫንኩት፣ በከንቱ፣ ደስ ስላለኝ ብቻ። ፍላሽ አልነበረኝም፤ ነገ ጠዋት እገዛለሁ አልኩ። መብራት ቢሄድ የሚይዘው ባትሪ አለው፤ ማሽኑ ሳይጠፋ እንዲያድር ትቼው ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ፍላሹን ገዝቼ በባጃጅ ስመለስ መብራት የለም። ባትሪው አለ ብዬ አልደነገጥኩም። የአዳራሹ ጥበቃ፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሽማግሌ፣ በር ላይ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ብለው ከወትሮው በላይ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። አታስቢ፣ መብራቱ እልም እንዳለ ሮጬ ሁሉንም ነቅያለሁ አሉኝ።

እኛ ጋ መብራት ሲሄድ መንቀል የማያውቅ የለም። ሲመለስ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ቴሌቪዥን ያቃጥላል፣ ፍሪጅ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ድርግም ሲል ሁሉም ወደ ሶኬቱ ነው የሚሮጠው። እሳቸው ደግሞ የግድግዳውን ብቻ አልነቀሉም። ለጥንቃቄ ማሽኑን ከባትሪውም ነቅለው፣ ገመዱን በሥርዓት ጠቅልለው፣ አቧራ እንዳይገባበት የራሳቸውን ጋቢ አልብሰውታል።

ከባትሪው ጋር መልሼ ስሰካው ስክሪኑ ባዶ ነው። አንድም ቁጥር የለም። ደሜ ፈላ። ሽማግሌውን «አንተ» እያልኩ፣ ማን ንካ አለህ፣ ማን አጥፋ አለህ እያልኩ ጮህኩባቸው። ቆመው ሰሙኝ። ቢቃጠል አንቺን ይጠይቁሻል ብዬ ነው አሉ ቀስ ብለው። መብራት አጠፋህብኝ ብዬ በሰው ላይ የምጮኸው እኔ፤ ይህ ትዝ ሲለኝ ድምፄ ቆመ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋቸውም። ያ ቃል እኔ አፍ ላይ አይመጣም።

ጄኔሬተሩ ሲነሳ ስድስት ሰዓት አልፏል። አሥራ አራት ዘፈን እንደገና ለመሥራት አይደርስም፤ ሰባትን ብቻ ሠራሁ። ያንን የማር ቀለም መልሼ ለማግኘት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ ዓርብ ያገኘሁት በአጋጣሚ ኖሯል ለካ። ፍላሹ ላይ ገለበጥኩት፣ ሁለት ጊዜ አየሁት። የቀሩትን ቀይና ነጭ እያልኩ በእጄ እየገፋሁ እወጣዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሽማግሌው ዘንድ ሄጄ፣ ትርኢቱ እስኪያልቅ ከሶኬቱ አጠገብ ይቀመጡልኝ፣ ማንም እንዳይነካው አልኳቸው። በርጩማቸውን አንጠልጥለው መጡ።

ቡድኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እየተጣደፈ ደረሰ። ከላይ ከመብራት ክፍሉ ሆኜ በጓሮ በር ሲገቡ አየኋቸው፤ ሦስተኛዋ እሷ ነበረች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ወርጄ ልስማት እችል ነበር፣ ሃያ ደረጃ ነው። እሷም ቀና ብላ አላየችም፤ እዚያ እንዳለሁ ግን ታውቃለች፣ ሌላ የት ልሆን? ኩራት በሉት፣ ፍርሃት በሉት፣ አልወረድኩም። በደንብ ካበራሁላት በኋላ አፍ ይኖረኛል ብዬ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዘፈኖች እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ ዘፋኝ ግማሹን ዘፈን በአረንጓዴ ፊት ዘፈነ፤ ሰዉ ታስቦበት መስሎት አጨበጨበለት። ከዚያ የልጄ ስም ተጠራ። ላብ ያጠመቀውን ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ሰባትን ተጫንኩ።

መጣልኝ። ልክ ፊቷ ላይ፣ ልክ እንዳሰብኩት አረፈ። ቁመቷም ያው ነው፣ አልጨመረችም። ጠባሳው ጠፋ። ባለሙያው ወረቀቱ ላይ ዘፈኑ መሐል ሲደርስ መብራቱ በግማሽ ይቀንስ ብሎ ጽፏል፤ አልቀነስኩም። ትንሽ እንኳ እንዲደበዝዝባት አልፈለግሁም። ሁለቱንም እጆቼን ከማሽኑ ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኋቸው። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትዘፍነው። ኳየር ውስጥ ሳለች እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም፤ ዘፈኑ ነው ልቧን የወሰደው ብዬ ትንሽ ቀናሁ። ድምፅዋ ግን የዚያችው የኔ ልጅ ድምፅ ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ጭብጨባው ሲነሳ ዓይኗን ገልጣ፣ እጅ ነስታ ወረደች።

ትርኢቱ አልቆ ገመድ ስጠቀልል ልጄ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሽማግሌው በርጩማቸውን አንስተው ወጡልን። የምላትን አሰናድቼ ነበር፤ ስለ ማር ቀለሙ፣ ስለ ጠባሳዋ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እንዴት እንደለፋሁ እነግራትና በዚያው ይቅርታዬን አስከትላለሁ። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፣ እንግዳ እንደሚሳም። መብራቱ እንዴት ነበር አልኳት።

«አላየሁትም እማዬ» አለችኝ። «ታጠፊብኛለሽ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይኔን ጨፍኜ ነው የዘፈንኩት።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ቁጣ ቢሆን እችልበት ነበር። አላጠፋሁም አልኳት። ሲያጨበጭቡ ገባኝ አለች። የያዝኩት ገመድ እጄ ላይ ተወሳሰበብኝ፣ ያሰናዳሁት ነገር አንዱም አልመጣልኝ አለ። ውጭ መኪናው ጥሩምባ ነፋ፣ ደህና ሁኚ ብላኝ ወረደች። በማግስቱ ጉደር ትርኢት ነበራቸው። እዚያ መብራቱን የሚሠራው ከለቅሶ የተመለሰው ባለሙያ ስለሆነ፣ መቼም ዓይኗን ገልጣ ዘፍናለች።