ዳማ በጣሳ አልመጣም ያለ ጊዜ

ልጅ እያለሁ የእኔ ነው የምለው ዕቃ ቢኖር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። ክዳኑ ጠፍቷል፣ አፉ ዙሪያውን ዝጓል፣ ላዩ ላይ የተሳለው ሳቂታ ሕፃን ግማሽ ፊቱ ተልጧል። የሰፈሩ ልጅ ኳስ ነበረው፤ እኔ ጣሳ። ግን በከተማችን በእንጭኒ ውስጥ በጣሳ ፈረስ የሚጠራ ሌላ ልጅ ስላልነበረ በማንም አልቀናም ነበር።

አባቴ መምህር ነው። ያኔ የሚያስተምረው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት ስለነበር በፈረስ ይመላለስ ነበር። አገሬው «በርሲሳ» ይለዋል፣ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ እናቴ እንኳ ካልተናደደችበት በቀር በስሙ አትጠራውም። ፈረሱን ግን ሁላችንም በመልኩ ዳማ ነበር የምንለው።

ዳማ የሚያድረው ከቤታችን ኋላ ባለው የታጠረ መስክ ላይ ነው። አባዬ ቁርሱን በልቶ ከራባቱን እስኪያስር ፈረሱን የማመጣው እኔ ነኝ። እማዬ ጣሳዬ ውስጥ አንድ እፍኝ ገብስ ታደርግልኛለች። የአጥሩን በር ከፍቼ ጣሳውን ስነቀንቀው ዳማ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል። እግሬ በጤዛ ርሷል፣ መስኩ የረጠበ ሣርና የፋንድያ ሽታ ይሸታል። ገብሱን መዳፌ ላይ ስዘረግፍለት የከንፈሩ ፀጉር ይኮረኩረኛል። እሱ እየበላ እኔ ገመዱን አንገቱ ላይ ጣል አደርጋለሁ። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ቁመቴ ትከሻው ጋ አይደርስም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ጎረቤታችን አዴ ብርቄ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ትሸጥ ነበር፣ ሱፍ የተቀላቀለበት፣ ሽታው ሰፈሩን የሚያዳርስ ቆሎ። አንድ ቀን «ጥሬ ገብስ ባመጣልሽ ቆሎ ትሰጪኛለሽ?» አልኳት። ሐሳቡ የእኔ ነው፣ እሷን አልወቅስም። ከዚያ በኋላ የዳማ ገብስ በየማለዳው ወደ አዴ ብርቄ ቤት፣ በስኒ የተሰፈረው ቆሎ ወደ ኪሴ ሆነ። ጣሳው ውስጥ ጠጠር ጨመርኩበት። ሲነቀነቅ ድምፁ ያው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዳማ መጣ። አፍንጫውን ጣሳው ውስጥ ከትቶ ጠጠሩን አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ። ገመዱን አስገባሁለት። በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛውም ቀን መጣ። ሳምንት ሙሉ ሲመጣ ይህ ፈረስ ሞኝ ነው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ፤ ቆሎዬን እየቆረጠምን ሳቅንበት። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ግን አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ጣሳውን ነቀነቅሁ። ጆሮውን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ጀርባውን ሰጠኝና ሄደ።

አባዬ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ከራባቱን ትከሻው ላይ ወርውሮ «ዳማ! ኮቱ! ኮቱ!» እያለ፣ ና ና እያለ በኦሮምኛ እየጠራው መስኩን ዞረው። ዳማ አይፈረጥጥም፤ ክፋቱም እሱ ነው። እጅ ሊደርስበት ሲል ቀስ ብሎ ሶምሶማ ይሮጥና ሃያ እርምጃ ርቆ ሣሩን ይነጫል። ጠጠሩን ማንም ሳያየኝ ደፋሁት፤ እማዬ እውነተኛ ገብስ ሞልታ ጣሳዬን ለአባዬ ሰጠችው። ዳማ ጣሳውን እንዳየ የመስኩ ጥግ ድረስ ሸሸ። ምን እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጭጭ አልኩ።

በየማለዳው ያው ሆነ። ጎረቤት ተሰብስቦ ገመድ ዘርግቶ ካልከበበው በስተቀር አይያዝም፤ እስኪያዝ ደግሞ የአባዬ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ያልፋል። ተማሪ ሲያረፍድ በር የሚዘጋ ሰው ራሱ እያረፈደ ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ሲራገጡ ያገኛቸው ጀመር። ርዕሰ መምህሩ አንዴ ታገሰው፣ ሁለቴ ታገሰው፣ ከዚያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈለት። እማዬ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ የእኛው ማድረሱንም ተወው» አለች። ጴንጤዎች ነንና ነገሩ ወደ ጸሎት ሄደ። ማታ ተንበርክከን እማዬ «ጌታ ሆይ፣ ይህን የእምቢተኝነት መንፈስ ከፈረሳችን ላይ አንሣልን» ስትል ከሁሉ አስበልጬ «አሜን» ያልኩት እኔ ነኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንዲህ ነው። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሐሙስ ማታ አባዬ፣ ቅዳሜ ገበያ አውጥቶ ሊሸጠው እንደወሰነ ነገረን። ድምፁ ልክ አልነበረም፤ ፈረሱን ይወደዋል። እንጀራው እንዳይቋረጥ ግን ሌላ መላ አልነበረውም። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ «እራቴን ጨረስኩ» ብዬ ተነሣሁ።

ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። ከብት ተራ ውስጥ እንደ አባዬ ያለ ሻጭ አላየሁም። ገዢ በመጣ ቁጥር «መልካም ፈረስ ነው፤ ግን ከመስክ አይያዝም፤ ሳልነግርህ አልሸጥልህም» ይላል። ገዢው ይሄዳል። ደላላው ራሱን ይዞ «ኧረ በርሲሳ፣ በናትህ ዝም በል!» ይላል። ቀትር ሲሆን የሚጠይቅም ጠፋ። እኔ በሆዴ እልል እል ነበር፤ ዳማን ይዘነው ልንመለስ ነው።

ያን ጊዜ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። ጥርሱን አዩ፣ ሰኮናውን አነሡ፣ አንገቱን ዳበሱ።

«ይህን ፈረስ ሰው ነው ያበላሸው» አሉ። «ምን እንዳበላሸው ከታወቀ ትሸጥልኛለህ?»

«ከታወቀ ይውሰዱት፣ ቃሌ ነው» አለ አባዬ። «ግን ሰው አላበላሸውም። በየማለዳው በእጇ የምታበላው ይህቺ ልጄ ናት። ከእሷ በላይ የሚወደው የለም።» ይህን ሲል እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ።

ያ እጅ ከበደኝ። «አባዬ፣ ገብሱን በቆሎ ለውጬ በላሁት» አልኩ። «ለእሱ ጠጠር ነው የነቀነቅሁለት።»

ደላላው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ደግሞ በልጅ አእምሮዬ የፈረሱ ጥፋት እንዳልሆነ አባዬ ካወቀ ይገርፈኝ እንደሆነ ይገርፈኛል እንጂ አይሸጠውም ብዬ አስቤ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ግን ፊታቸው በራ። «እንግዲያስ ነውር የለበትም! ሁለት ወር በእጄ ገብስ ካበላሁት ይመለሳል» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አባዬ ፈረሱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ቃሉን ሰጥቷልና ብሩን ተቀብሎ ገመዱን ሰጣቸው። ዝም ብል ኖሮ ማንም አይገዛውም ነበር።

ስንመለስ ኮርቻውን አባዬ ትከሻው ላይ ተሸክሞታል። ወንዙን ተሻገርን። ከዚያ «ያ ኢንተላኮ» አለኝ፣ ልጄ ሲል እንዲህ ነው የሚለኝ፤ «ሐሙስ ማታ ብትነግሪኝ ኖሮ ዳማ አሁን ቤታችን ነበር።» በቃ፣ አልመታኝም። ብመታ ይሻለኝ ነበር፤ እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ዳማን ገበያ ውስጥ አየሁት። ሳይታሰር ከኦቦ ቶሎሳ ኋላ ቆሟል፣ ወፍሯል፣ ፀጉሩ ያብለጨልጫል። ሮጬ ሄጄ ባዶ እጄን ዘርግቼ ጠራሁት። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አየኝ፤ አወቀኝ። ከዚያ ዞሮ ከሽማግሌው በሌላኛው ጎን ቆመ።

አሁን አባዬ ሞተር አለው። ቁልፉን ሲያዞሩት ይነሣል፤ የትናንቱን አያስታውስም። መስካችን ቤት ተሠርቶበታል፣ የሰፈሩ ልጆች ጠዋት ጠዋት ስልክ ላይ ናቸው። እኔ አምቦ ነርስ ሆኛለሁ፣ ክትባት ክፍል እሠራለሁ። ልጆቹ «ያማል?» ብለው ሲጠይቁኝ «አዎ፣ ትንሽ ያማል» እላለሁ። አንዳንድ እናት «ምን ዓይነት ነርስ ናት!» ብላ ትቆጣለች። አባዬ ያን ጊዜውኑ ይቅር ብሎኛል፣ ጌታም ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ዳማ ይቅር አላለኝም፤ አልፈርድበትም።