ከገደሉ ማዶ ያለችው ጉም

ትናንት አመሻሽ ላይ ሰመራ መብራት ጠፋ። አብሮኝ የሚያስተምረው የፊዚክስ መምህር የርቀት መነጽሩን ይዞ ወጣና በደቡብ በኩል፣ ከአድማስ ትንሽ ከፍ ብላ ያለች ጉም መሳይ ነጥብ አሳየኝ።

«እልፍ ከዋክብት ባንድ ላይ ታጭቀው ነው። ያለችበት ኅብረ ኮከብ ቱካና ይባላል፣ የወፍ ስም ነው። ደብዛዛ ናት፤ ግን ዓይኑ ስል የሆነ ሰው ያለ መነጽርም ያያታል» አለኝ።

ከጎረቤት ጀኔሬተር የናፍጣ ሽታ መጣ። የአባዬ ጃኬት ሽታ።

አባዬ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የኅዳር ምሽት የአዋሽ ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ ወሰደኝ።

«ከገደሉ ማዶ ጉም የመሰለች ነገር ትታይሻለች? ወይስ ዓይኔን ሞራ እየጋረደው ነው?»

ሞራ ከሆነ መኪናውን ሊያስረክብ ቆርጦ ነበር። አባዬ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። ለእኔ ምንም አልታየኝም።

«ታየችኝ» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ! አንድ ሰው ያየው ሕልም ነው፤ ሁለት ሰው ያየው ግን አለ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ።

ከዚያ በኋላ አባዬ መንገድ ላይ ገዋኔ ከተማ ባመሸ ቁጥር፣ በእኔ ውሸት ነው የሚነዳው እያልኩ እንቅልፍ አጣ ነበር። ትናንት ግን ጉሟን በመነጽር ሳያት ገባኝ፤ ለካ ዓይኑ ከእኔ ዓይን ይበልጥ ኖሯል። እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደወልኩለት።

«አባዬ፣ ያቺ ጉም እውነትም አለች! ከዋክብት ናቸው!»

«ምኑ ነው አዲሱ?» አለኝ እየሳቀ። «ያኔ አብረን አይተናት የለም እንዴ?»

«አይተናታል አባዬ» አልኩት።