የሰኢድ መንጋጋ የተቆለፈበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሐያት ጆሮዋን ይዛ ከትምህርት ቤት መጣች። ፈተና ሲደርስባት ማስቲካ ከአፏ አይጠፋም። እናቷ የጆሮ ጠብታ ልትገዛ ሻርፗን ስታነሣ፣ "ቆይ" አልኳት። ሁለት ጣቶቼን ከልጅቱ ጆሮ ፊት አስቀምጬ "አፍሽን ክፈቺ" ስላት፣ ከጣቴ ሥር ቀጭ የሚል ነገር ተሰማኝ።

"የመንጋጋዋ መጋጠሚያ ይመስለኛል። ጥርስ ሐኪም ይያት" አልኩ።

"ይሄን ደግሞ የት ተማርከው?" አለች እህቴ።

ካርቱም ነው የተማርኩት። ጢሜ ገና ያልሞላ ወጣት ነበርኩ። የሱዳኖቹ አብዮት አልፎ ሰዉ ሁሉ ስለ ሽግግር የሚያወራበት፣ ለዳቦ ረጅም ሰልፍ የሚያዝበት ጊዜ ነው። ካላክላ በሚባል የከተማው ዳር ሰፈር አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተን ሦስት ሐበሾች እንኖር ነበር፦ እኔ፣ የሐርቡው ልጅ ሰኢድ፣ ከሁለታችን በፊት ሱዳን የገቡት ጋሽ ታደሰ። ጠዋት ጠዋት በሐፍላ፣ ማለት በአውቶቡስ፣ ተጨናንቀን የዓባይን ድልድይ እንሻገርና ባሕሪ በሚሉት የከተማው ክፍል የተገኘውን የቀን ሥራ እንሠራለን። ወቅቱ ክረምት ነበር፤ እነሱ ኸሪፍ ይሉታል። ሰማዩ በአቧራ ይቀላል፣ ከዚያ ይዘንባል፣ ከዚያ የካላክላ መንገድ ሁሉ ሊጥ ይሆናል።

ሰኢድ ወደ ሊቢያ ሊሻገር ከደላላ ጋር ተነጋግሮ መኪናው የሚነሣበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። ቀን ሲስቅ ይውላል፤ ሌሊት ግን ጥርሱን ያፋጫል። ጋሽ ታደሰ "ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የተከራየነው?" እያሉ ይቀልዱበታል። ሲበላም መንጋጋው ቀጭ ቀጭ ይላል። ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም።

አንድ ቀን ባሕሪ እንጨት ስናራግፍ ሰኢድ ሚስማር ረገጠ። እግሩን በጨው ውሃ አጠበና ረሳው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት ሲነሣ አፉ አልከፈት አለ። ማንኪያ እንኳ በወጉ የማታስገባ ክፍተት ብቻ ቀረችው። በዚያች ክፍተት "እምቢ አለኝ" አለ፤ ቃሉ በጥርሶቹ መሀል ተጨፍልቆ ወጣ።

የጋሽ ታደሰ ፊት ጠቆረ። ወደ ደጅ ጎትተው አወጡኝ።

"መንጋጋ ቆልፍ ነው። ሚስማሩ ነው። የገዛ ወንድሜን በዚህ ነው የቀበርኩት። ለቤተሰቡ ይነገር።"

"ሳይታከም?"

"ዛሬ የተቃውሞ ሰልፍ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል። በምን ታደርሰዋለህ?"

ተመልሰው ገቡና ጥርሱን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቀው ውሃ ሊያጠጡት ተነሡ። በክፋት አልነበረም። የሰኢድ ዓይን ፈጠጠ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው እጅ ያዝኩ።

"ጋሽዬ፣ አይንኩት። እኔ እወስደዋለሁ።"

ለታላቅ ሰው እንዲያ ደፍሬ እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

እነሱ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ወጣን። ዋናው መንገድ ላይ ጡብ ተከምሮ ጎማ ይጨሳል። አፉን በጨርቅ የሸፈነ ወጣት እጁን ዘርግቶ "ማ ፊ ጠሪግ!" አለ፤ መንገድ የለም። ወረድኩ። የበሽታውን ስም በዐረብኛ አላውቀውም። የራሴን ጥርስ ነክሼ አሳየሁትና ወደ ሰኢድ እየጠቆምኩ ጮህኩ።

"ኸሽሙ መግፉል! ሙስተሽፋ!" አፉ ተቆልፏል፣ ሆስፒታል ማለቴ ነው።

ልጁ ጎንበስ ብሎ የሰኢድን ፊት አየ። ከዚያ ዞሮ "ያላ ያ ሸባብ!" አለ፤ በሉ እናንተ ልጆች እንደ ማለት። ጡቡን በእጃቸው አነሡልን። እሱም ከሾፌሩ ጎን ተጣቦ ተቀመጠ፤ በየመሰናክሉ እየወረደ፣ እየተናገረ፣ እያስነሣ እስከ ሆስፒታሉ በር አደረሰን። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው በእግሩ ተመለሰ።

የድንገተኛው ክፍል መብራት የለውም። አንዲት ወጣት ሐኪም በስልኳ ብርሃን መረመረችው። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። አገጩን ወደ ደረቱ እንዲያጎነብስ አዘዘችው፤ አንገቱ ታጠፈ። ሆዱን ነካች፤ ልስልስ ነው። በቀጭን እንጨት ጉሮሮውን ስትነካው አቅለሸለሸው እንጂ እንጨቱን አልነከሰም። ትንፋሿን ለቀቀች።

"ጠይቀው፤ ከዚህ በፊት ሲያኝክ ድምፅ ነበረው?"

ጠየቅሁት። "ሁሌ ቀጭ ይል ነበር፤ ዛሬ ግን ዝም አለ" አለ ሰኢድ።

ስተረጉምላት ፈገግ አለች። "የሚስማሩ በሽታ አይደለም" አለችኝ። የእኔን ጣት ይዛ ከጆሮው ፊት አስቀመጠችና፣ በመጋጠሚያው መሀል ያለችው ንጣፍ ከቦታዋ ሸርተት ብላ መንገዱን እንደዘጋችበት አስረዳችኝ። "ዛሬ እንደ ከተማችን" አለች።

ራሱን አጥብቄ ያዝኩ። እሷ አውራ ጣቷን በፋሻ ጠቅልላ፣ በዚያች ክፍተት ወደ ኋላ ጥርሶቹ አስገብታ ወደ ታችና ወደ ፊት ቀስ እያለች ሳበች። ሰኢድ ክንዴን ጨበጠ፤ ዕንባው ወረደ። ድንገት አፉ ተከፈተ።

የመጀመሪያ ቃሉ "ወላሂ፣ ራበኝ!" ነበር።

ሐኪሟ ስለ ሚስማሩም ክትባት ወጋችው። ለስላሳ ምግብ እንዲበላ፣ ጉንጩን በሞቀ እርጥብ ጨርቅ እንዲይዝ፣ ሲያዛጋ አገጩን በእጁ እንዲደግፍ፣ ምላሱን ከላይኛው የፊት ጥርሶቹ ጀርባ አሳርፎ ጥርሶቹን እንዲያላቅቅ አስጠናችው። ጥርስ ሐኪምም ሌሊት ጥርሱ ላይ የሚያጠልቀው መከላከያ እንዲሠራለት ነገረችን። በመጨረሻ "ሌሊት እንዲህ የሚያስነክሰው ጭንቀት ምንድን ነው?" አለችኝ።

ለሰኢድ ተረጎምኩለት። "የሊቢያው በረሃ" አለ።

አልመከረችውም። ትከሻውን ነካ አድርጋ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

ቤት ስንደርስ ጋሽ ታደሰ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ተነሥተውም በገዛ እጃቸው ዓሲዳ አገነፉለት፤ የሱዳን ገንፎ መሆኑ ነው፣ በወተት ቀጠን ያለ። ከዚያ በኋላ ጨርቁን እያሞቅን፣ ፉሉን እየፈጨን ተራ ገባን። የሊቢያው መኪና ተነሣ፤ ሰኢድ ግን አልተሳፈረም። ባሕሪ ብየዳ ቤት ገባና እጁን ሙያ አስያዘ።

በኋላ ጦርነቱ ካርቱምን ሲበትናት እኔና እሱ ጎን ለጎን ተቀምጠን በመተማ በኩል አገራችን ገባን። ጡቡን ያነሡልን ልጆች፣ ያቺ ሐኪም የት እንደ ደረሱ አላውቅም፤ በደኅና ያቆያቸው። በሰው አገር፣ በዚያ በተዘጋ መንገድ ቆሜ መጮኼን ሳስብ ዛሬም ደረቴ ይነፋል። ብዙ ነገር ፈርቼ ኖሬአለሁ፤ ያን ቀን ግን አልፈራሁም።

ሰፈር ውስጥ "ያን ያህል ዓመት ሱዳን ኖረህ ምን ይዘህ መጣህ?" የሚሉኝ አይጠፉም።

"ሰኢድን" እላቸዋለሁ።